ሁለት መራጭ

የወዚር አባት ኦቦ ሻፊ በገሰራ ገበያ የታወቁ ፈረስ መራጭ ነበሩ። እዚያ ፈረስ ሊገዛ የወጣ ሰው በራሱ ዐይን አይተማመንም፤ ዐይን አለው የሚባል ሰው ለምኖ ይዞ ይወጣል። መራጩ ጥርስ ያያል፣ ኮቴ ያነሣል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል፣ ከዚያ ወይ «ይሄ ነው» ይላል ወይ «እንሂድ» ይላል። ደመወዝ የለውም፤ ምሳውን ይበላል፣ ይመረቃል፣ አበቃ። አንድ ነገር ግን ነውር ነው፤ ሁለት መራጭ ይዞ መውጣት። ሁለተኛ የጨመረ ሰው የመጀመሪያውን «ዐይንህ ፈዟል» ብሎ በገበያ መሀል የሰደበው ያህል ነው። ኦቦ ሻፊ ይህን ያደረገባቸውን አንድ የሲናና ገበሬ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም አላሉትም። ሰውየው ሞቶ ተቀብሯል፤ ቅያሜው ግን ዛሬም ደህና ነው።

ወዚር ስለ ፈረስ የሚያውቀው ነገር የለም። ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ የአባቱን ሥራ ግን በዚያው ወርሷል ማለት ይቻላል። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባት ነው፤ ከተማው ያገለገለ ላፕቶፕና ያገለገለ ፕሪንተር የሚገዛበትና የሚሸጥበት ጊዜ፤ ገዢው ሁሉ «ወዚርን ይዘህ ሂድ» ይባላል። ወዚርም ይሄዳል። ዕቃውን አገላብጦ ያያል፣ ያሸታል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ሰዉ አፉን እስኪከፍት ድረስ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይፈርዳል። ዝምታውን የተማረው ከአባቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያቺን ዝምታ ነው።

አብዲ ደግሞ ጓደኛው ነው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል፣ ከአንድ ሳህን በልተዋል፣ ጌም ቤት ገብተው በአንድ ተራ ለሁለት ተጫውተዋል። አብዲ ሁለት የስንዴ አጨዳ ሙሉ በሲናና ማሳዎች ላይ ኮምባይነር እየተከተለ ጆንያ ሲሰፋ ከርሞ የራሱን ኮምፒውተር ገዛ፤ አንድ ቢሮ ያስወገደው ተገጣጣሚ ዴስክቶፕ ነው። ኮምፒውተሩ ደብዳቤ ለመጻፍ ምንም አይልም። የኳስ ጌም ሲከፍቱበት ግን ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ በረኛው ለኳሷ የሚወድቀው ጎል ከገባች በኋላ ነው። የጎደለው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የጌሙን ሥዕል ሠርቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ዕቃ። አዲሱ የሚታሰብ አይደለም። ጎባ ውስጥ ግን ሁንዴ የሚባል ሰው ጌም ቤቱን ዘግቶ ወደ ሻሸመኔ ሊዛወር ነውና የተጠቀመባቸውን ካርዶች እየሸጠ ነበር።

«ቅዳሜ ጎባ እንሂድና ምረጥልኝ» አለው አብዲ።

ወዚር ቅዳሜ ጠዋት ጃኬቱን አስተኩሶ ለብሶ መናኸሪያ ደረሰ። አብዲ ቆሟል። አጠገቡ በየነ ቆሟል።

በየነ የጎባ ልጅ ነው፤ አብዲ በማታው ክፍለ ጊዜ በሚማርበት የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ኃላፊ ሆኖ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ሦስቱንም ወር ወዚር የሰማው የእሱን ስም ነው። «በየነ እንዲህ አለ፤ በየነ እንደዚያ አሳየኝ፤ በየነ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ…» ወዚር ስሙን በሰማ ቁጥር ወሬ ይቀይራል። መጀመሪያ አካሄዱ ነው ያስጠላኝ አለ፤ በኋላ ሳቁ ነው አለ፤ በመጨረሻ ሰበብ ሲያጣ መቅናቱን ለራሱ አመነ። አመነና አላቆመም።

«በየነም ይምጣ ብዬ ነው፤ ሁለታችሁ ብትመካከሩበት ይሻላል ብዬ» አለ አብዲ፣ ምንም ያጠፋ ሳይመስለው።

«አካም ጅርታ፣ ወዚር! ስላንተ ብዙ ነግሮኛል» አለ በየነ እጁን ዘርግቶ።

«ፈያ» አለ ወዚር፤ ጨበጠው። እጁ በዚያ ብርድ እንኳ ሞቃት ነበር፤ ያም አናደደው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ሁለት ባዶ ቦታ ነበር። አብዲና በየነ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ገብተው ተቀመጡበት። ለወዚር የደረሰው በሩ አጠገብ ያለው ታጣፊ ወንበር ነው፤ ሰው በወረደ ቁጥር ተነሥቶ የሚያሳልፍ። እስከ ጎባ አምስት ጊዜ ወረደ፣ አምስት ጊዜ ወጣ። ከኋላ ሲሳሳቁ ይሰማል። አንዴ ዞር ብሎ «ምንድን ነው?» አላቸው።

«አይ፣ ዝም ብለን ነው» አለ አብዲ።

ዝም ብለን ነው! ከእሱ ጋር ሲሆን አብዲን እንዲህ የሚያስቀው ምን ነበር? ወዚር ለማስታወስ ሞከረ፤ ብዙ ነገር ትዝ አለው፤ ሁሉም ግን የድሮ ነበር።

የሁንዴ ጌም ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ወንበሮቹ ተሸጠው አልቀዋል፤ የቀረው አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሁንዴ ሰላምታ ሰጥቶ ሁለት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሁለት ፋን አለው፣ ጎኑ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፣ ሲያነሡት ይከብዳል። ሌላዋ መዳፍ የምታክል፣ ባለ አንድ ፋን፣ መልክ የሌላት ካርድ ነች። ትልቁ ዘመኑ ቆየት ያለ ስለሆነ ዋጋቸው አንድ ነው።

«ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሞክሯቸው። እኔ የሰው ገንዘብ አልፈልግም» አለ ሁንዴ።

ወዚር አንድ ጊዜ አየና አወቀ። ትንሿ ነች። የአብዲን ኮምፒውተር ራሱ ፈትቶ ጠርጎታል፤ ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ፣ መብራት ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ደካማ እንደሆነ ያውቃል። ትልቁ ካርድ ለብቻው የመብራት ገመድ ይጠይቃል፤ ትንሿ ግን ከተሰካችበት ቦታ የምታገኘው ይበቃታል። ጥያቄ የለውም። እጁን ሰዶ አነሣት፤ አገላበጣት፤ አቧራዋን እፍ አለ፤ ከዚያ ያቺን የሚወዳትን ዝምታ ዝም አለ።

በዝምታው መሀል በየነ «ትንሿ ነች፤ ምንም ጥርጥር የለውም» አለ።

ወዚር ካርዷን እንደያዘ ክው አለ። ፍርዱን ከአፉ ነጠቀው! አሁን «አዎ» ቢል ምን ሊባል ነው? የበየነ አጫፋሪ። ከሮቤ ድረስ በታጣፊ ወንበር ተሳፍሮ የመጣ አጫፋሪ! ደሙ ወደ ጆሮው ወጣ፤ ካርዷን እንደማይረባ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጋት።

«ትልቁ ነው» አለ።

«የቱ? ይሄ?» በየነ ተገረመ። «የአብዲ ፓወር ሰፕላይ ይሄን አይችለውም እኮ። የሚሰካበት ገመድም የለውም።»

«በመቀየሪያ ገመድ እንሰካዋለን።»

«መሰካቱንማ ይሰካል፤ ግን ይቃጠላል። አንድ ሳምንት አይቆይም።»

«አታሟርት!» አለ ወዚር።

ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው። ሁንዴ ግን ከት ብሎ ሳቀ፤ አብዲም ሳቀ። በየነ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ወዚር ይህን ሲያይ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

ካርዶቹን በሁንዴ ኮምፒውተር ላይ እየሰኩ ሞከሯቸው። ትንሿ ጥሩ ሠራች። ትልቁ ሲሰካ ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ የሜዳው ሣር አንድ በአንድ ይታያል፣ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል። አብዲ «ማሻ አላህ!» አለ፤ ዐይኑን ከስክሪኑ ማንሣት አቃተው።

«የሁንዴ ፓወር ሰፕላይ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ያንተ ከዚህ ግማሹ ነው» አለ በየነ ቀስ ብሎ።

አብዲ አንዴ በየነን፣ አንዴ ወዚርን አየ። የሚመረጠው ካርድ ብቻ አልነበረም።

«በየነ፣ አትቀየመኝ» አለ አብዲ። «ወዚር ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ መርጦልኝ የጸጸተኝ ነገር የለም። እሱ ካለ አለ ነው።»

ወዚር በደስታ ሊያብድ ደረሰ። አብዲ በሰው ፊት እንዲህ ብሎለት አያውቅም፤ ያለለት ደግሞ በዋሸበት ቀን ነው። «ቆይ፣ ትንሿን እንውሰድ» ማለት ይችል ነበር። ሊለውም አፉን ከፈተ። በየነ ያን ጊዜ ፈገግ ብሎ «እሺ፣ እናንተ ካላችሁ ይሁን» አለ፤ ያቺ ፈገግታ ወዚርን አናደደችውና አፉን መልሶ ዘጋ።

በየነ እናቱን ሊጠይቅ ጎባ ቀረ። በመልሱ ወዚርና አብዲ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ካርዱን እየተቀባበሉ ያዙት።

የአብዲ እናት አዴ ጁሀራ ልጃቸው ፊቱ በርቶ ሲገባ ሲያዩ ሻይ አፈሉ። ወዚር መቀየሪያ ገመዱን ከሱቁ አምጥቶ ካርዱን ሰካ። እየሰካ በልቡ «ያ ረቢ፣ የሌላውን እንደፈለግህ፤ በየነን ብቻ ትክክል አታድርገው» ይል ነበር። እንዲህ ያለው ዱዓ የት እንደሚደርስ ራሱም ያውቃል።

ሠራ። ሃያ ደቂቃ ሠራ። አብዲ ሁለት ለባዶ እየመራ ሳለ ከሣጥኑ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣና ስክሪኑ ጠፋ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አዴ ጁሀራ የሻይ ማንኪያ እንደያዙ እየሮጡ ገቡ።

አብዲ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። ከዚያ «በየነ ብሎ ነበር» አለ።

ወዚር አለቀልኝ ብሎ ጠበቀ።

«ምን አለ?» አሉ አዴ ጁሀራ።

«ይቃጠላል አለ። እዚያው ጎባ፣ ካርዱን እያየ።»

«ገና ሳትገዛው? ገና እጅህ ሳይገባ?» አዴ ጁሀራ ደረታቸውን መቱ። «ታዲያ ሲያሟርትበት ነዋ! ሰው በሰው ሀብት ላይ እንዲህ አፉን ይከፍታል? ረቢ ከእንዲህ ያለው ሟርተኛ ይሰውረን!»

አብዲ የተማረ ልጅ ነው፤ ሟርት ኮምፒውተር እንደማያቃጥል ያውቃል። ግን የሁለት አጨዳ ላብ በአንድ «ጧ» ሲሄድ የሚወቀስ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ወይ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ነው፣ ወይ ጎባ የቀረው በየነ። ወዚርን አየው። ዐይኑ ይለምን ነበር።

«አታሟርት ብዬው ነበር» አለ ወዚር።

ይህን ተናግሮ ሻዩን አነሣ። ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም ጨረሰው።

ወሬው በሦስት ቀን ኮሌጁ ደረሰ። በየነ ወደ ላቡ ሲገባ ተማሪዎቹ ኮምፒውተራቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ «ቲቸር፣ እባክህ ምንም እንዳትል!» እያሉ ይሳሳቁ ጀመር። አብዲ የበየነን ስልክ ማንሣት ተወ። ወዚር የፈለገውን ሁሉ አገኘ፤ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ መንገድ አብረው ይሄዳሉ፣ «በየነ እንዲህ አለ» የሚባል ነገር ቀረ። ደስታው ግን አልዋጥ አለው። አብዲ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አልብሶ ጥግ አስቀምጦታል፤ ለሚመጣው አጨዳ ወደ ኮምባይነሩ ሊመለስ ለማሽኑ ባለቤት ነግሯል። ይህን ሁሉ ሲያወራ ወዚርን አንድም ቀን አልወቀሰውም። ቢወቅሰው ይሻለው ነበር።

በዚያ ሰሞን አንዲት መምህርት ፕሪንተር ምረጥልኝ ብላ ወሰደችው። ዕቃውን አገላበጠ፣ አሸተተ፣ እንደ ልማዱ ዝም ሊል ፈለገ፤ አልቻለም። የሆነ ሰው የሚቀድመው እየመሰለው «ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ጥሩ ነው» ብሎ ተቻኮለ። ሴትዮዋ ተጠራጥራ ሳትገዛ ተመለሰች።

በሁለተኛው እሑድ ከቀትር በኋላ በየነ ጥቁር ፌስታል ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጣ። ወዚር ሊጣላው የመጣ መስሎት ካቻቪቴውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። በየነ ግን ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ፓወር ሰፕላይ ነው፤ አቧራው እንኳ በደንብ አልተጠረገም።

«ካርዱ የተቃጠለ አይመስለኝም» አለ። «የፈነዳው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ይሄኛው ትልቁን ካርድ ይችለዋል። ግጠምለት።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከራሴ ኮምፒውተር ፈትቼ ነው። እኔ የኮሌጁን እጠቀማለሁ።»

ወዚር ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «ራስህ አትወስድለትም?»

«እኔ ከወሰድኩት አይቀበሉኝም። ባለፈው እናቱን በራቸው ላይ ሰላም ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ።» በየነ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ከአንተ ነው በለው። ሁለት አጨዳ ሙሉ ጆንያ ሰፍቶበታል እኮ፤ ያሳዝናል።»

ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ትንሿን አንተም መርጠሃት ነበር፤ አይደል? መጀመሪያ ያነሣኻት እሷን ነው። ፊትህን አይቼዋለሁ።»

ወዚር ፌስታሉን መልሶ ቋጠረ።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለ በየነ፤ ወደ መናኸሪያው አቀና።

ወዚር ፌስታሉን ታቅፎ ወደ አብዲ ቤት ሲሄድ መንገዱን አላየውም። እስከዚያ ቀን በበየነ የቀናው በእውቀቱ፣ በሳቁ፣ በአብዲ ነበር። አሁን የመጣበት ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ሰውየው ከእሱ የተሻለ ሰው ነበር። በቃ፣ የተሻለ! የራሱን ኮምፒውተር አራቁቶ፣ ስሙ በሐሰት ጠፍቶ፣ እውነቱን እያወቀ አፉን ይዞ፣ ይሄኔ መናኸሪያ ቆሞ የጎባ ሚኒባስ ይጠብቃል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ወዚር።

አዴ ጁሀራ በሩን ከፈቱለት። አብዲ ፌስታሉን ተቀብሎ ከፈተና ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ሲነግራቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ረቢ ይባርክህ፣ ልጄ! ረቢ ከክፉ ዐይን፣ ከክፉ አፍ ይጠብቅህ! ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው። ያኛው አፉን ከፍቶ አቃጠለ፤ አንተ ደግሞ ከየትም ብለህ አመጣህ።»

አብዲ አቀፈው፤ አጥብቆ አቀፈው። ወዚር «አሚን» ለማለት አፉን ከፈተ። ይህን ምርቃት ከተቀበለ በየነ በዚያው በልጦት ሊቀር ነው፤ ዕድሜ ልኩን፣ ማንም ሳያየው፣ ወዚር ብቻ እያወቀው። ይህን ሊችለው አልቻለም። እውነቱን የተናገረው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ደግነቱን ለበየነ ብቻ ሊተውለት ስላልፈለገ ነው።

«የኔ አይደለም» አለ ከእቅፉ ወጥቶ። «የበየነ ነው። ከራሱ ኮምፒውተር ፈትቶ ነው ያመጣው። ከአንተ ነው በለው አለኝ።»

አዴ ጁሀራ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ያሟረተም የለም» አለ ወዚር። «ትልቁ ካርድ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ትንሿ ነበረች።»

«ታውቅ ነበር?» አለ አብዲ።

«አውቅ ነበር።»

«በየነ ሲናገር ነው ያወቅከው?»

«ከበየነ በፊት!» አለ ወዚር፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ገና ሳያት ነው ያወቅኋት። እሱ ሳይናገር በፊት።» በዚያች ሰዓት እንኳ ይህች እንዲታወቅለት ፈለገ።

«ታዲያ ለምን?»

«ቀደመኝ» አለ ወዚር።

አብዲ ሲናደድ ይጮኻል፤ ጮኾም ይበርድለታል፤ ወዚር ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። አሁን ግን አልጮኸም። «የት ነው ያለው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ፤ «መናኸሪያ» ሲባል ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ወጣ።

አዴ ጁሀራ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «አስተግፊሩላህ» አሉ። «የሰውን ልጅ ሟርተኛ አልኩ። ደጃፌ ላይ መጥቶ ፊቴን አዞርኩበት።» ወዚርን አልፈውት ለሚመጣው እንግዳ ሻይ ሊጥዱ ወደ ጓዳ ገቡ።

ወዚር ብቻውን ቀረ። ከመቀመጥ መሥራት ይሻላል ብሎ ኮምፒውተሩን ከጨርቁ ገለጠ፤ የተቃጠለውን አውጥቶ የበየነን ገጠመ። ብሎኖቹን አጠበቀ። ለትልቁ ካርድ የሚሆነው ገመድ የራሱ ስላለው መቀየሪያም አላስፈለገም። እንደዚያ ተጠንቅቆ የሠራበት ቀን ትዝ አይለውም። አብዲ ሲመለስ የሚለውን በልቡ አዘጋጀ፤ «አብራው፤ ይሠራል» ይለዋል፤ ይበራል፤ ሣሩ አንድ በአንድ ይታያል፤ ከዚያ ምናልባት ቀስ በቀስ አብዲ ይስቅ ይሆናል።

የግቢው በር ተከፈተ። ሁለት ሰው ነው። አይሳሳቁም፤ ግን ጎን ለጎን ነው የሚመጡት። አዴ ጁሀራ በየነን ደጃፉ ላይ ተቀብለው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ «አፉ በለኝ፣ ልጄ» አሉት። በየነ «ኧረ አዴ፣ ይተዉት፤ እኔም በደንብ አላስረዳሁም» አላቸው። ይቅርታ እንኳ ሲቀበል ያምርበታል! ወዚር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጥርሱን ነከሰ።

«ገጥሜዋለሁ» አለ። «አብራው፤ ይሠራል።»

አብዲ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ፤ ሳይነካው ግን መለሰው። ወዚርን አላየውም።

«በየነ» አለ፤ «እስቲ አንተ እየው። በትክክል ተሰክቷል?»

ወዚር ሊያሳልፈው ከወንበሩ ተነሣ። በየነ ቅር እያለው ጎንበስ ብሎ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካ፤ ብሎኖቹን አየ፤ ቀና ብሎም «በጣም በደንብ ተሰክቷል» አለ። አብዲ ያን ጊዜ አበራው።